ጋሽ አስራትና በጎጀብ ቆላ የተከሏቸው ብርቱካኖች

ጋሽ አስራት ባለፈው ወር ቦንጋ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። በሥራ ለሚያውቋቸው፣ ችግኝ ለሰጧቸውና ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ቀደም ብላ ያረፈችው ባለቤታቸው ታላቅ እህት አልማዝ ነኝ።

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ከግብርና መሥሪያ ቤት በጡረታ ሲገለሉ፣ ብዙ ሰው ቡና ይተክላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ጎጀብ ቆላ ወርደው፣ ዝናብ በማይበረክትበት ሜዳ ላይ ብርቱካን ተከሉ። ከወንዙ እስከ እርሻው ድረስ ቦይ የቀደዱት በገዛ እጃቸው ነው። ሲያጠጡ ውኃው ግንዱን እንዲነካ አይፈቅዱም። «የሚጠጣው ሥር ያለው ከጥላው ጫፍ ላይ ነው» ይሉና ዙሪያውን ደረቅ ሣር ያለብሱታል። ባሏ ለሞተባት ጎረቤታቸው ሁለት ማንጎዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ በማለዳ፣ የራሳቸውን ሥራ ሳይጀምሩ።

አንድ ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ ለዓይናቸው ሕክምና ጅማ ሲሄዱ እርሻውን እንድጠብቅ ለመኑኝ።

«እትዬ አልማዝ፣ ቦዩን እንዳይከፍቱ። ብርቱካኑ አሁን ካልተጠማ አያብብም። ቀድሞ ውኃ ካገኘ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው።»

«ቅጠሉ እኮ ተጠቅልሏል። ቢሞትስ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «የቦንጋ ሰው ዝናብ ሦስት ቀን ከጠፋ ምህላ ይያዝ ይላል! አይሞትም። ስመለስ እኔው አጠጣዋለሁ።»

ስድስት ቀን ታገሥሁ። በሰባተኛው አላስቻለኝም፤ ዶማ ይዤ ቦዩን ከፈትሁ። ዛፎቹ በማግስቱ ቀና አሉ፤ ደስ አለኝ። ጋሽ አስራት ከመምጣታቸው በፊት ቦዩን መልሼ ደፈንሁት፣ አፈሩም ደረቀ። ዓይናቸው ገና አልዳነም ነበርና አላስተዋሉም።

በዚያ ዓመት ዛፎቹ ለምለም ቅጠል አወጡ እንጂ አበባ አልያዙም። የአካባቢው ገበሬዎች ደግሞ ፍሬውን አይተው ሊተክሉ ቃል የገቡት በዚያው ዓመት ነበር። ችግኙ በፕላስቲክ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። መጡ፣ ዞረው አዩ።

«ጋሽ አስራት፣ ይህማ ለፍየል ነው የሚሆነው!» አለ አንዱ። ተሳሳቁና ወደ በቆሏቸው ተመለሱ።

ጋሽ አስራት አልተቆጡም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ዛፉ ጥፋት የለበትም። የጥሙን ልክ ያላወቅሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «የሚጠጣ ውኃ ላምጣልዎት» ብዬ ተነሣሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ዛፎቹ በደንብ አፈሩ፤ ሊያይ የመጣ ግን አልነበረም። የችግኞቹ ሥር ፕላስቲኩን ቀዶ በቆሙበት መሬት ያዘ። ከዚያ ወዲያ ስለ ብርቱካን ሲጠየቁ «እኔ ያን ያህል አላውቅም» ይሉ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን ስሰማ ዓመታት አለፉ።

ጋሽ አስራት፣ ስለ ብርቱካን በደንብ ያውቁ ነበር። ቦዩን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ በጊዜው አልነገርሁዎትም፤ በአርባዎ ዕለት ለሚመጡት ገበሬዎች ግን ይህንኑ ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። አሁን ጥር ነው። ትናንት ወደ እርሻዎ ወርጄ ነበር። ቦዩ እንደተዘጋ ነው፤ ቅጠሉም ተጠቅልሏል። ዶማውን አልነካሁም። በሰላም ይረፉ።