ጋሽ ሚስማር እና የተጣበቀው ገጽ

ጋሽ ሚስማርን የማያውቅ ሰው እዚያ ትምህርት ቤት አልተማረም ማለት ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን አራት አምስት ሚስማር በከንፈሩ ሳይነክስ ታይቶ ስለማያውቅ ልጆቹ ያወጡለት ስም በዚያው ቀረ። ሚስማሩን እንደነከሰ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይሳደባል፤ አንድም ቀን ውጦ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢነግራችሁ ውሸት ነው በሉ። እኔ ካልኩ ግን አለቀ።

ሥራው የተሰበረ ዴስክ መጠገን ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ መጋዙን፣ መዶሻውንና መላጊያውን ደርድሮ ይውላል። ሥራ አያጣም፤ ለሁለት ልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ አራት ይቀመጡበትና ወገቡ ላይ ቀጭ ይላል። ፊደል አልቆጠረም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱ ባዶ የሚመስላቸው አሉ፤ እነሱ ጋሽ ሚስማር ዴስክ ሲያነብ ባዩት። አዎ፣ ያነባል ነው የምላችሁ። ዴስኩን ይገለብጥና፣ «እዚህ የሚቀመጠው ልጅ ትምህርቱ አይገባውም» ይላል። «እዩት፣ አንድ ሙሉ አውቶቡስ ቀርጿል፣ ከነጎማው። የገባው ልጅ ጎማ መቅረጫ ጊዜ ከየት ያመጣል?» ሌላውን ያይና፣ «ይሄኛው ደግሞ ቁርስ ሳይበላ ነው የሚመጣው፤ ጠርዙን እንደ አይጥ በልቶታል» ይላል። ሄዳችሁ ብትጠይቁ ልክ ነው። አንድ ዓመት ዳይሬክተሩ ለቀልድ ብሎ የትኛው ክፍል ብዙ ልጅ እንደሚወድቅ ጠየቀው። «አራተኛ ለ» አለ፣ ቀና እንኳን ሳይል። እንዳለው ሆነ። ዳይሬክተሩ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀውም። የዴስክ ወሬ ከጀመርኩ አንጨርስም፤ ወደ ልጅቱ እንምጣ።

ልጅቱ የመጨረሻ ልጁ ናት። ታላላቆቿ ጎጆ ወጥተው ከሄዱ በኋላ የተወለደች፣ ከዕድሜዋ ያነሰች፣ ጢኒጥ የሚሏት። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ከሰባ ሁለት ልጅ አንደኛ። መምህርቷ «ማን ያነባል?» ስትል እጇ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣ እሷ ናት። መጽሐፉን ከፍታ ስታንበለብለው አንድ ቦታ አትደናቀፍም። ጋሽ ሚስማር በሰፈሩ ሲያልፍ ደረቱ ቀድሞት ነበር የሚሄደው። ሚስቱ እንዲያውም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ያነበበችው እሷ፣ የተነፋኸው አንተ» ትለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ የጢኒጥ መጽሐፍ ጀርባው ተገነጠለ። ሰውየው ሙያተኛ አይደል፣ የእንጨት ኮላውን አምጥቶ ለጠፈውና መላጊያውን ጫነበት። እሁድ ከሰዓት በኋላ አነሳው። ከዚያ እንደ ልማዱ በር ላይ ተቀመጠ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፤ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይገልጣል። ጽሑፉን አያውቅም እንጂ ሥዕሉን በተርታ ያውቀዋል። ከወንበር ላይዋ ድመት ቀጥሎ ባለከዘራው ሽማግሌ ነው፤ ከሽማግሌው ቀጥሎ ጀልባ፤ ከጀልባ ቀጥሎ ዶሮ።

የሽማግሌውን ጨረሰች። ገለጠላት። ዶሮ መጣ።

ኮላው ሾልኮ የጀልባውን ሁለት ገጽ ግጥም አድርጎ አጣብቆታል። «ውይ፣ ቆይ» ሊል አፉን ሲከፍት ልጅቱ ቀጠለች። ዓይኗ ዶሮው ላይ፣ አፏ፣ «ጀልባዋ በውሃው ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ቀዛፊው ወደ ማዶ ያያል…» እስከ መጨረሻው ወረደችው።

ጋሽ ሚስማር በዚያች ሰዓት ሚስማር አልነከሰም ነበር። ነክሶ ቢሆን ያን ቀን ይውጠው ነበር።

«እማ» አላት፣ «ይሄ የምን ሥዕል ነው?»

«ዶሮ።»

«የጀልባው የት አለ ታዲያ?»

መጽሐፉን አየች፣ አባቷን አየች። በወፍራም አውራ ጣቱ መሀል ላይ አንዷን ቃል ነካና፣ «ይህቺ ምን ትላለች?» አላት። ከንፈሯ ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከላይ ከመጀመሪያው ተነስታ በሆዷ እየቆጠረች ነው የምትወርደው። ቆይታ ቆይታ፣ «ጫጩት» አለች።

ልክ ትሁን አትሁን በምን ይወቅ? ጣቱ ቃሏ ላይ እንዳለ ቀረ። ጫጩት ብትል ያው፣ ድስት ብትል ያው ነው ለሱ። አንድ ዓመት ሙሉ አፍ አፏን እያየ ተደስቷል፤ አሁን ደግሞ አፍ አፏን እያየ ግራ ገባው።

«ቲቸር አንዴ ስታነብ ይይዘኛል» አለችው፣ እንደ ጥፋት አንገቷን ደፍታ። «ፊደሎቹ ግን ይመሳሰሉብኛል። ለማንም አትንገር፣ አባዬ።»

ሰኞ ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ወደ ክፍሏ ገባ። ዴስኳን ገለበጠው። ከላይ እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ከሥር ግን፣ የእሷ እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ እንጨቱ በጥፍር ተፍቆ ተፍቆ ማንኪያ የመሰለ ጉድጓድ ወጥቶታል። አውቶቡስ የቀረጸ ልጅ አልገባ ብሎት ነው፤ ጠርዝ የበላ ርቦት ነው። ይሄኛውን ለማንበብ ብዙ አልፈጀበትም። ልጅቱ በየቀኑ እየፈራች ነበር አንደኛ የምትወጣው።

መምህርቷ በር ላይ ደረሰች። ወጣት ናት፣ ድምፅዋ በጩኸት ብዛት የሻከረ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ይስሙኝ።»

«ኧረ አንቱ አይበሉኝ ጋሼ፣ ልጅዎ እሆናለሁ።»

ነገራት። ኮላውን፣ ዶሮውን፣ ጀልባውን። ትስቃለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም። ጠመኔውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች።

«ታዲያ?»

«ጋሼ፣ ሰባ ሁለት ናቸው። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው። አንዳቸውን ለብቻ ላስነብብ ብል ሌሎቹ ጣሪያውን ያወርዱብኛል። እኔ አነባለሁ፣ እነሱ ይከተሉኛል። የእርስዎ ልጅ ቢያንስ የሰማችውን ትይዛለች፤ ሌሎቹ እሱንም አይዙ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ስሟ ለደብል ተልኳል። ከሦስተኛ በቀጥታ አምስተኛ ልትገባ ነው። በወላጆች ቀን ይነገራል። ዳይሬክተሩን ቢያናግሩ ይሻላል።»

ደብል! ሌላ አባት ቢሆን እዚያው ይዘል ነበር። ጋሽ ሚስማር ግን አምስተኛ ክፍል ዴስክ ሊጠግን ሲገባ መጽሐፎቹን አይቷቸዋል። ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ሥዕል የሚባል ነገር የላቸውም።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ተጫዋች ነው፣ ወንበር ይስባል፣ ሰላምታው ረጅም ነው። ጋሽ ሚስማር ተናግሮ ሲጨርስ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሰው ልጄ ሰነፍ ናት ብሎ ሊከስ ቢሮ ይመጣል? በዚህ ወንበር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ሰነፍ አላልኩም ጌታዬ። ማንበብ አትችልም ነው ያልኩት። አራተኛን ትማር፤ እንዲያውም ሦስተኛን ትድገም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፊደሉን ያሳያት።»

«እርስዎ ማንበብ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ እሷ እንደማትችል በምን አወቁ?»

ይህቺ ጥያቄ ሰውየውን ደረቱ ላይ መታችው። መልስ ነበረው፤ አሁን ተናግሮ ጨርሶታል። ኮላ፣ ዶሮ፣ ጀልባ። እንደገና ቢለው እንደገና ሊሳቅበት ነው።

«ይልቅ» አለ ዳይሬክተሩ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ «ለወላጆች ቀን መድረክ ይሥሩልኝ። ከፍ ያለ ይሁን፤ ልጅዎ አጭር ናት፣ እንድትታይ።»

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ሲነግራት ልብስ እያጠበች ነበር። አረፋውን ከክንዷ ጠረገችው።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው? ሄደህ በሰው ፊት ልታዋርዳት ነው?»

«ማዋረድ አይደለም። ኋላ ትወድቅብናለች።»

«እኔ አላስተምራት፣ አንተ አታስተምራት። የሚያስተምራት ሰው ካለ ጥራልኝ፤ ከሌለ ዝም በል። አንድ ቀን እንኳን ይጨብጨብላት።»

መድረኩን ሠራ። የሠራው ሥራ ሁሉ ይሰበር ይሆናል፤ ያ መድረክ ግን አይሰበርም፣ ዝሆን ቢቆምበት ጭጭ ነው። በቀኑ ጢኒጥ ላዩ ላይ ወጣች፣ መጽሐፉን ከፍታ የጀልባውን አነበበች። ወንዙ መሀል ስትደርስ ቆም አለችና ትንሽ፣ ቀለል ያለች ሳል ሳለች፤ ከዚያ ቀጠለች። ሰው «ይደገም! ይደገም!» አለ። ደገመችው። እዚያው ቃል ላይ ደርሳ፣ ያቺኑ ሳል ሳለች። ወላጆቹ አላስተዋሉም። መምህርቷ ግን ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታይ ነበር፤ ሳሉ የሷ ነበራ፤ ክፍል ውስጥ ስታነብላቸው እዚያች ቃል ላይ ስላ ነበር።

ደብሉ ተነገረ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን ወስዶ ለጋሽ ሚስማር ሰጠው። «አባት ይናገሩ!»

ያዘው። ሊናገረው የነበረውን ከሌሊት ጀምሮ ሲያዘጋጀው ነበር፤ አጭር ነው፣ አንድ ሰው ይርዳን የሚል ነው። ቀና ሲል ጢኒጥ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆማ አፍ አፉን ታያለች። ጥፍሯ መጽሐፉን ከሥር እየፋቀ ነው።

«አመሰግናለሁ» አለና መለሰው። እንደገና ተጨበጨበለት።

ትምህርት ሲከፈት የአምስተኛ ክፍል መጽሐፎች መጡ። ዘጠኝ ናቸው። ልጅቱ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው፤ ገለጠቻቸውና ዘጋቻቸው።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ የሚያነብልኝ ሰው ፈልግልኝ። አንዴ ይበቃኛል።»

መምህርቷ ጋ ሄደ፤ ክረምቱን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች አሉት። አዲሱ የአምስተኛ ክፍል መምህር ሰማንያ ልጅ አለው፤ ገና በር ላይ ሳለ፣ «በኋላ፣ በኋላ» አለው። የጎረቤት ልጆች የራሳቸው የቤት ሥራ አለባቸው። በመጨረሻ እሺ ያለው ጸጉር አስተካካዩ ነው። ስምንተኛ ድረስ የተማረ፣ ወሬ የማይጠግብ ሰው።

«ደንበኛ እስኪመጣ ነው እንግዲህ» አለ። «መላጣ የበዛበት ሰፈር ነው፣ ጊዜ አይጠፋም።»

ጢኒጥ ከፍ ባለው ወንበር ላይ፣ መስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ጸጉር አስተካካዩ መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። ሲያነብ ይቸኩላል፣ አንዳንዱን ቃል ያበላሸዋል፣ ይዘለዋል። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይከተለዋል፤ የተበላሸውንም እንደተበላሸ፣ የተዘለለውንም እንደተዘለለ ትይዛለች።

ጋሽ ሚስማር በር ላይ ቆሞ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል። ይህን ያህል ተጠንቅቃ፣ ይህን ያህል ጎብዛ፣ ከፊደሉ እየራቀች ነው የምትሄደው። ጸጉር አስተካካዩን እንዲያቆም ሊነግረው አፉን ከፈተ። ካቆመ በኋላስ ምን እንድታደርግ ይነግራታል?

«ልቀጥል?» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ ገጹን ለመግለጥ ጣቱን በምላሱ እያረጠበ።

ልጅቱ በመስታወቱ ውስጥ አባቷን አየችው።

«ቀጥልላት» አለ።