ሦስት ወር በባዶ ካሜራ

ባለፈው እሁድ የወንድሜ ልጅ ሜላት አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከች መጣች። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ለእንግዳው መጀመሪያ የሚያቀርበው ወንበር አይደለም፤ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ጊዜ ነው። ትንፋሿ ሲመለስ በጀርባዋ ያዘለችውን ቦርሳ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። አዲስ ካሜራ፣ ሦስት ሌንስ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ሌላም ምን እንደሆነ የማላውቀው ዕቃ። ለምሳ ያሰናዳሁት ሽሮ የሚቀመጥበት ቦታ አጣ።

«አክስቴ፣ ይኼ ሁሉ እያለኝ ፎቶዬ ለምንድን ነው ሕይወት የሌለው?» አለችኝ።

ያነሳቻቸውን አሳየችኝ። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው፤ የሰዎቹ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሰዎቹ ግን በሙሉ የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጡ የቆሙ ይመስላሉ። ስንት አነሳሽ ብዬ ብጠይቃት «በሁለት ሳምንት ወደ ሁለት ሺህ» አለች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ ሦስት ወር ሙሉ ሰፈሩን ሳነሳ ከርሜ አንዲት ፎቶ እንኳ አልነበረኝም። ከሽሮው በኋላ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያኔ ይህ ፎቅ በቆመበት ቦታ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ የአንዱ ቤት ወጥ ሲቁላላ የሌላው ቤት ሰው የሚርበው። መሐል ላይ የጋራ ቦኖ ውሃ አለ፤ ወሬውም ውሃውም የሚቀዳው ከዚያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። እናቴ ሜክሲኮ አደባባይ ሄጄ ታይፕ እንድማር ትፈልጋለች። እኔ ግን ከቤት በወጣሁ ቁጥር እግሬ የሚወስደኝ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ወዳለው የጋሽ ሽኩር ፎቶ ቤት ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋልና ጋሽ ሽኩር ሥራ አያጡም። መስኮታቸው ላይ የተሰቀሉትን ሙሽሮችና ሕፃናት ስመለከት ታክሲ ያመልጠኛል፤ ለነገሩ እንዲያመልጠኝም እፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ ገባሁና ፎቶ ማንሳት ያስተምሩኝ አልኳቸው። ከኪሳቸው ኦቾሎኒ እያወጡ ይቆረጥማሉ። «እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። ዘረጋሁ። ትንሽ አዩትና «አይንቀጠቀጥም» ብለው ከመደርደሪያ አንድ የሩሲያ ካሜራ አውርደው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። እንደ ዘነዘና ይከብዳል። በደስታ ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጀርባውን ስከፍተው ፊልም የለውም። ተመልሼ ሮጥኩ።

«ፊልም የለውም እኮ፣ ጋሽ ሽኩር።»

«አውቃለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ዓይንሽ ይሙላ። ካሜራውን ከዚያ በኋላ እንሞላዋለን።»

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። ቀን ሰፈር ውስጥ እየዞርኩ በባዶው ካሜራ አነሳለሁ። ክርኔን ከጎኔ አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቀስ ብዬ እጫናለሁ። ርቀቱን በእርምጃ ገምቼ ሌንሱን ሳላየው በጣቴ አዞራለሁ። ብርሃን ለመለካት መዳፌን እዘረጋለሁ፤ የጣቶቼ ጥላ እንደ ቢላ የተሳለ ከሆነ ብርሃኑ ለሰው ፊት አይሆንም፣ ጥላው ከደበዘዘ ግን ደግ ነው። ሰውን ፀሐይ ላይ ማቆም ክልክል ነው፤ በር ውስጥ ግማሽ እርምጃ ገብቶ ወደ ውጪ ይመልከት። «ደግሞ ተጠጊ» ይሉኛል። «ርቆ የቆመ ፎቶ አንሺ ልብስ ያነሳል እንጂ ሰው አያነሳም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፎቶ ቤት ሄጄ የቀኑን ሥራ በቃል አቀርባለሁ። ዛሬ ምን አነሳሽ? ሽንኩርት ሻጯን። ብርሃኑ ከየት መጣ? ከግራ፣ ከቆርቆሮው ሥር። ግራ እጇ የት ነበር? አላስታውስም። «እንግዲያው አላነሳሻትም» ብለው ወደ ኦቾሎኒያቸው ይመለሳሉ። በነጋታው ሽንኩርት ሻጯን ስለ እጇ ብዬ እንደገና አነሳታለሁ። ይህ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ሌሊት በሕልሜ ሳይቀር የሰው እጅ ስቆጥር አድር ነበር።

ችግሩ ሰፈሩ ይህን አያውቅም። ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ያየ ሁሉ ልብሱን ቀይሮ ይወጣል፣ ኮቱን ይቆልፋል፣ እጁን ጭኑ ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። እኛ ዘንድ ፎቶ መነሳት ከባድ ጉዳይ ነበር፤ በፎቶ ፊት የሳቀ ሰው እንደ ቀላል ይቆጠራል። የመጀመሪያ ቀን «ፊልም የለውም» ልል አፌን ከፍቼ አፈርኩ። ለቀበሌው የመጀመሪያዋ ሴት ፎቶ አንሺ ሆኜ ታይቻለሁ፤ ክብሩ ጣፈጠኝ። በኋላ ፎቶውስ ሲሉኝ «እየታጠበ ነው» አልኩ። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ታጠበ።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ እማማ በላይነሽ ነበሩ፤ ከቦኖው ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትቆጣኝ የምደበቅባቸው ጎረቤታችን። ባላቸው በሞቱ ጊዜ ሌላ ፎቶ ስላልተገኘ የመታወቂያ ጉርድ ፎቷቸው በትልቁ ታጥቦ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ዓይናቸው ፈጦ፣ አንገታቸው ደርቆ። እማማ ይህ ነገር ከሐዘኑ እኩል ያንገበግባቸው ነበር። «ደጉን ባሌን የተያዘ ሌባ አስመስለው ለቀስተኛ ፊት አቆሙት» ይላሉ። «እኔስ መልኬን የሚመስል ፎቶ ሳላስቀምጥ አልሞትም።» ስለዚህ ሦስት ጊዜ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ፊቴ ቆሙ። ሦስቱንም ጊዜ ልክ እንደ ባላቸው ደርቀው። ሦስቱንም ጊዜ ተጫንኩ። ምንም አልነበረም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንድ ጠዋት እማማ መጠበቁ ሰልችቷቸው ራሳቸው ፎቶ ቤት ሄዱ። ጋሽ ሽኩር «እየታጠበ ነው» ማለቴን አላወቁምና «የምን ፎቶ?» አሏቸው። ሲመለሱ ቦኖው ጋ ጀሪካን አሰልፌ ቆሜያለሁ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ለመሆኑ ያ ሳጥን ባዶ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ሦስት ጊዜ ፀጉሬን የተሠራሁት ለምኑ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ ዞረው ሄዱ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አይመልሱም። የቀረው ሰፈር በሳምንት ውስጥ ንዴቱን ወደ ጨዋታ ለወጠው። ሳልፍ «ነይ እንጂ፣ ባዶውን አንሺን» ይሉኛል፤ ወንዶቹ ምላሳቸውን አውጥተው ይቆሙልኛል። ይህን ቻልኩት። የእማማን ዝምታ ግን አልቻልኩትም። በበራቸው ላለማለፍ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ካሜራውን ልመልስ ሄድኩ። ጋሽ ሽኩር እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ባዶ ካሜራ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ ውሸቱን የጨመርሽበት አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ፊልም አወጡ፣ ጎተት አድርገው ጫፉን ከካሜራው ጥርስ ጋር አስያዙ፣ ክዳኑን ገጭ አደረጉ። «ሠላሳ ስድስት ነው። የፊታችን ግንቦት ልደታ ሁሉም ደጅ ይወጣል። ያለብሽን እዚያ መልሺ። እሳቸውን ሳታነሺ ብትመጪ ግን ካሜራውን አስቀምጪና ታይፕሽን ተማሪ።»

የእኛ ሰፈር ልጅ ግንቦት አንድን የሚጠብቀውን ያህል የራሱን ልደት አይጠብቅም። በዚያን ቀን ማንም ቤቱ ውስጥ አይበላም። ቄጠማ ደጅ ይጎዘጎዛል፤ ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው በትልቅ ብረት ድስት ይቀቀላል፤ ዳቦውም ጠላውም ከየቤቱ ይወጣል። ጋሽ ሽኩርም ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ፤ ንፍሮ ሃይማኖት አይለይም ይላሉ። ያን ዓመት ጠዋት ካፊያ ጥሎ አቆመ። አየሩ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። መዳፌን ዘረጋሁ፤ ጥላ የለም። ሰማዩ በሙሉ በስሱ ደመና ተሸፍኖ የሰዉ ፊት ሁሉ እኩል በርቷል። እንዲህ ያለ ብርሃን በዓመት ስንት ቀን ይገኛል?

ቄጠማው መሐል ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዛሬ ፊልም አለው!» አልኩ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ስዋሽ ሦስት ወር ሙሉ አምኖኝ የኖረ ሰው እውነቱን ስናገር አንድም አላመነኝ። ማልኩ፤ ይብሱን ሳቁ። ተሰለፉልኝ ብል ማንም አልተነሳ፤ የሚበላው ይበላል፣ የሚያወራው ያወራል። ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ። ወግ ያለው፣ ሁሉም በተርታ የቆመበት ፎቶ ነበር ያሰብኩት። ተስፋ ቆርጬ ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርገው ግን ማየት የጀመርኩትን ነገር አልረሳውም። ሽንኩርት ሻጯ ንፍሮ በአፏ ሞልታ ስትስቅ። ሰፈሩን ሁሉ የሚያስፈራው ጡረተኛ ወታደር የልጅ ልጁን አፍንጫ ሲጠርግ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቄጠማው ላይ ዘርግታ። ማንም ትንፋሹን አልዋጠም፣ ማንም ኮቱን አልቆለፈም። ለባዶ ካሜራ ማን ይደርቃል? ተጠጋሁ። ክርኔ፣ ትንፋሼ፣ ጣቴ ሁሉም ሥራቸውን ያውቁታል። አንዷን ብቻ ልጆች ገፍተውኝ አበላሸኋት።

ሠላሳ አራት ላይ ስደርስ እማማ በላይነሽ ቀሩ። በራቸው ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ለልጆች ያድላሉ። የክት ቀሚሳቸውን አልለበሱም። ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ተንበረከኩ።

«እማማ፣ አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ግን የእውነት ፊልም አለው። አንዴ ቀና ይበሉልኝ።»

«ለባዶ ሳጥን ቀና የሚል አንገት የለኝም» አሉ ሳያዩኝ።

ከኋላዬ እናቴ «ታዲያ እማማ፣ ባዶ ከሆነ ነጠላዎን ለምን ያስተካክላሉ?» አለች።

እማማ እጃቸውን አዩት። እውነትም ትከሻቸው ላይ የነጠላቸውን ጥለት ይዟል። መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ አልቻሉም። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ የጎደለችው የፊት ጥርሳቸው ሳትቀር እስክትታይ ሳቁ። ተጫንኩ። አንዷ ተረፈችኝ፤ ከዚያ ሳቅ በኋላ የማነሳው ስላልታየኝ እጄን ከካሜራው ላይ አነሳሁ።

በነጋታው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ አምፖል፣ ወረቀቱ በሳህኑ ውስጥ እየዋኘ የእማማ ሳቅ ከነጩ ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ጋሽ ሽኩር አጠገቤ ነበሩ። ኦቾሎኒ መቆርጠማቸውን አቆሙ። «ግራ እጃቸው የት ነበር?» አሉኝ። «ነጠላቸው ላይ» አልኩ። «አነሳሻቸው እንግዲህ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሙገሳ ሰምቻለሁ፤ ያቺን የሚያህል የለም።

ሠላሳ አራቱን መስኮቱ ላይ ሰቀሏቸው። ሰፈሩ ተንጋግቶ መጣ፤ ይህን መቼ አነሳሽው፣ ወይኔ አፌ፣ እያለ። እማማ ከሁሉ ኋላ መጡ። ፎቷቸውን አውርጄ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው አዩት።

«ይቺን ሴት ባሌ ያውቃት ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ የረሳኋት።»

ከዚያም ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። «እደጊ» አሉኝ። «በትልቁ እጠቢልኝ፤ ለዚያ ቀን።»

ያ ቀን ብዙ ዓመት ዘግይቶ መጣ፤ እማማ ጠገብኩ እስኪሉ ኖሩ። ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው ከጧፉ ጀርባ ተቀምጦ ነበር። እያለቀሰ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ሲያየው እንባው ሳይደርቅ ፈገግ ይላል። እኔም እንደዚያው።

ሜላት ታሪኩን ሰምታ ካሜራዋን አየት አደረገችው። «እና ሚሞሪ ካርዱን ላውጣ?»

«ለሁለት ሳምንት አውጪው» አልኳት። «ማታ ማታ እየደወልሽ በቃል ንገሪኝ። በእኔ ጀምሪ።»

ካርዱን አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ወደ በረንዳው በር ወሰደችኝና ግማሽ እርምጃ ወደ ውስጥ አቆመችኝ፤ ለካ በደንብ ሰምታኛለች። ከታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ካሜራዋን አነሳች፣ ተጠጋች፣ ከዚያ ቆም አለች።

«አክስቴ፣ ለባዶ ካሜራ ነጠላሽን ምን አስነካሽ?»

እጄን አየሁት። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ሐሙስ ዕለት በፖስታ አድርጋ ፎቶ አመጣችልኝ። ራሴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ አፌን ከፍቼ፣ አንድ እጄ ነጠላዬ ላይ። ካርዱ እኔ ጋ ነው እኮ ብላት ይህ ካሜራ የሚይዘው ሁለት ካርድ ነው፣ አንደኛውን ብቻ ነው ያወጣሁት አለች፤ ደግሞ አታፍርም። ልቆጣት ፈለግሁ፤ ፎቶው አላስቆጣኝ አለ። ሰፈሬ ሲፈርስብኝ፣ በላዩ ፎቅ ሲሠራብኝ የኖርኩ ሴት ይህን ያህል ደስተኛ መሆኔን አላውቅም ነበር። ከእማማ በላይነሽ ፎቶ ጎን አስቀመጥኩት። ሜላትንም አደራ አልኳት፤ ለዚያ ቀን ይቺን አውጡ፣ የመታወቂያዬን እንዳታወጡ።