ማር የመሰለው ዘይት

ሰፈሩ «ልብስ ሰፊዋ» ይላታል። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ ግቢውን በሚያሳይ መስኮት ሥር ተቀምጣለች፤ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ሌላዋ መኪና ትቆማለች፤ በሯ ሲዘጋ መንደሩን የምትቀሰቅስ አሮጌ ሰማያዊ ታክሲ። ባሏ በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት ከሚስቱ ቀድሞ «እንዴት አደርሽ» የሚለው ታክሲዋን ነበር። ልብስ ሰፊዋም ታክሲዋን «ጣውንቴ» ብላ ሰየመቻት።

«ጣውንቴን ዛሬ ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፤ ስትስል ነበር» ትለዋለች፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ።

«ቅናት ነው የሚያናግርሽ» ይላታል። ግን ወዲያው ወጥቶ ኮፈኑን ይከፍታል።

ጉልበቱ ሲደክም መሪውን ለሁለት ልጆቹ አከፋፈለ። ትልቁ ቀን ይነዳል፣ ትንሹ ማታ። መኪናዋን ሲያስረክባቸው አንድ ሕግ አብሮ አስረከባቸው። ከመኪናዋ የወረደ ሰው ሞተሩ እስኪረጋ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛል፣ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይነክረውና ያወጣዋል። ከዚያም የዘንጉን ጫፍ በነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝቶ ያትመዋል። ጨርቁን አጣጥፎ የሾፌሩ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። የሚረከበው ሰው ጨርቁን ገልጦ ያነባል። ያተመው መስመር ረጅም ከሆነ ዘይቱ ሙሉ ነው፤ ካጠረ ጎድሏል። ማር ከመሰለ አዲስ ነው፤ ጥላሸት ከመሰለ መቀየሪያው ደርሷል። ዳሽቦርዱ ላይ የነበረችው የዘይት መብራት ከተቃጠለች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ጨርቁ እያለ ማን መብራት ይፈልጋል ብለው ሳይጠግኗት ቀሩ።

«መኪና አፍ የላትም» ይል ነበር አባትየው። «ስትጠማ የሚናገርላት ሰው ያስፈልጋታል።»

ጨርቆቹን የምታዘጋጀው ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ያረጀ አንሶላ ትቀድና አራቱንም ጠርዝ ትቀመቅመዋለች። ጎረቤቷ ይህን አይታ፣ «ለዘይት መጥረጊያ ቅምቀማ! ዳንቴልም ጨምሪበት እንጂ» ብላ ሳቀችባት። ልብስ ሰፊዋ ግን ወንዶቹ ሳይነጋገሩ የሚነጋገሩበት ነገር በእጇ ሥር ማለፉ ደስ ይላት ነበር። አንድ ወንድም ለወንድሙ በዘይት ይጽፋል፤ ወንድሙ ያነብበዋል፤ መኪናዋም በሰላም ትውላለች። ከዚህ የበለጠ ምን ደብዳቤ አለ?

ባሏ አንድ አመሻሽ ላይ ግቢው መሀል ወደቀ። ታክሲዋ ከትንሹ ልጅ ጋር ወጥታለች። ትልቁ ልጅ አባቱን ደግፎ ይዞ ደወለ፤ ደጋግሞ ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም። ትንሹ ልጅ ሰው ጭኖ ስለነበር ስልኩን ድምፅ አልባ አድርጎት ኖሯል። በሰው መኪና ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ነበር። በለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ትልቁ ልጅ ወንድሙን አየና፣

«አባቴን ሞት አልወሰደውም» አለ። «አንተ ስልክ ስላላነሳህ ነው የሄደው።»

 ከዚያን ቀን ጀምሮ በወንድማማቾቹ መካከል አንዲት ቃል አላለፈችም። የመኪናዋ ቁልፍ በእናታቸው በር ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀላል፤ አንዱ ሰቅሎ ይሄዳል፣ ሌላው አውርዶ ይወጣል። ጨርቁም ከወንበሩ ላይ ጠፋ።

መኪናዋ በውርስ ወደ ልብስ ሰፊዋ ስም ዞራ ነበር። «ይኸው ጣውንቴን ወረስኳት» ብላ ቀለደች ያን ጊዜ። የሳቀላት አልነበረም።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ትንሹ ልጅ ገብቶ ተኝቷል፤ ትልቁ ገና ከቤቱ አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ስትከፍት ባዶው ወንበር ዓይኗን ወጋት። ያ ወንበር ከባሏ አልጋ ይልቅ ባዶ ሆኖ ታያት። ከስፌት መኪናዋ ሥር ባሏ ለሚቀጥለው መቀየሪያ ብሎ ገዝቶ ያስቀመጠው የሞተር ዘይት አለ፤ ማሸጊያው እንኳ አልተከፈተም። ከፈተችው። የልብስ ማስመሪያዋን ጫፍ ነከረችና በተቀመቀመ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝታ አተመችው። ረጅም፣ ጥሩ፣ ማር የመሰለ መስመር ወጣ። አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው።

ትልቁ ልጅ መጣ። በሩን ከፈተ፣ ጨርቁን አነሳ፣ ገለጠው። ቆመ። ከዚያ ወንድሙ ወደተኛበት ክፍል ዞሮ የተዘጋውን በር ረጅም ጊዜ አየው።  የታክሲዋን በር ሲዘጋው መንደሩ አልሰማም፤ ሰው እንዳይቀሰቅስ ብሎ ቀስ አድርጎ ሳበው። ለካ ያ በር ቀስ ብሎም ይዘጋል! ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር መርፌዋን እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ማታም ለትንሹ እንዲሁ አደረገች። በማግስቱም። በዚያም በሚቀጥለውም ሳምንት።

ጨርቁ ሥራውን ሠራ። ትልቁ ልጅ ቤንዚን ሞልቶ ማስረከብ ጀመረ። ትንሹ መስተዋቱን አጥቦ ይተኛ ጀመር። አንድ ማለዳ ትንሹ ልጅ ቁልፉን ሊሰቅል ገብቶ በሩ ላይ ተደገፈና፣

«ጋሼ ዘይቱን ቀይሮታል፤ አየሽው እማዬ?» አላት። «ማር እኮ ነው የሚመስለው። ለእኔ ብሎ ነው።»

«ጋሼ።» ከለቅሶው ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ አልሰማችም ነበር። አንገቷን ደፍታ መስፋት ቀጠለች። ክሩ ከመርፌው ወጥቶ ነበር፤ እሷ ግን በባዶው መርፌ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

ትልቁም በበኩሉ ይህንኑ አሰበ። ዘይቱን ወንድሙ ቀይሮታል። ታዲያ ማን ኮፈን ይከፍታል? ያመነ ሰው ምን ይመረምራል?

ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከታች አንዲት ቀጭን ቅጭልታ ትሰማለች፤ ጥፍር ጠርሙስ ላይ እንደሚንኳኳ ዓይነት። ልብስ ሰፊዋ ብረት ከብረት ሲፋጭ ምን እንደሚል ታውቃለች። የራሷን የስፌት መኪና በየጠዋቱ ጠብታ ዘይት ሳታቀምስ ሥራ አትጀምርም። «ልንገራቸው» ትላለች። ደግሞ ትንሹ ልጅ «ጋሼ» ያለበት ድምፅ ይመጣባታል። ብትነግራቸው ያቺ ቃል ተመልሳ ትሞታለች። «መጀመሪያ ይታረቁ» ትላለች። «ይታረቁና በዚያው ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ስቀው ያልፉታል።» ቅጭልታው ግን እየጎላ ሄደ፤ ልጆቹም ዘይቱ አዲስ ነው ብለው ስላመኑ የእርጅና ድምፅ ነው እያሉ አለፉት።

ነገሩን ለማፋጠን ዘዴ ዘየደች። ለትምህርት ቤቱ የሰፋችው ዩኒፎርም አልቆ ነበር። ትልቁ ልጅ በጠዋት ሲመጣ፣ «ይህን ሸክም አድርስልኝ» አለችው። ትንሹም ገና ከሥራ መግባቱ ነው፤ «አንተም ሳትተኛ አግዘኝ፤ ወገቤን አሞኛል» አለችው። ወገቧ ደህና ነበር።

እሷ ከኋላ በጥቅሎቹ መካከል ተወተፈች፤ ሁለቱ ከፊት ተቀመጡ።  ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምሩ ትልቁ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንቅልፍህን ነሳንህ» አለ፣ መንገዱን እያየ።

«ምንም አይደል።»

«መስተዋቱን ጥሩ ነው የምታጥበው።»

«ይኸው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው ያላጠብኩት» አለ ትንሹ።

ትልቁ ልጅ ሳቀ። ሳይወድ በግድ፣ በአፍንጫው፣ ግን ሳቀ። ከኋላ እናትየው አፏን በዩኒፎርም ጥቅል አፈነች። ዛሬ እነግራቸዋለሁ አለች በልቧ፤ ዛሬ፣ ጥቅሎቹን እንዳወረድን።

ዳገቱ መሀል ቅጭልታው ወደ መዶሻ ተለወጠ። ከታች አንድ ነገር ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፣ ከዚያ ብረት የጮኸ መሰለ፤ መኪናዋም ሰው ከኋላ ቀጥ አድርጎ እንደያዛት ሁሉ ቆመች። ትልቁ ልጅ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረው። ምንም የለም። ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ።

አባታቸውን የሚያውቅ መካኒክ ከዳገቱ ሥር ጋራዥ ነበረው። ማርሹን ነጻ አድርገው፣ አንዱ መሪውን በመስኮት ይዞ ሌላው ከኋላ እየገፋ፣ ቁልቁል ወሰዷት። እናትየው ጥቅሏን አቅፋ ከኋላ ተከተለች፤ የቀብር ሰልፍ የምትከተል መሰላት።

መካኒኩ ዘንጉን መዘዘ። ጫፉ ላይ ያለውን በጣቱ ነካና ለወንድማማቾቹ አሳያቸው።

«ይህ ዘይት ነው?» አለ። «ሬንጅ ነው እንጂ! እሱም ከታች ጭላጭ ነው የቀረው። ሞተሯ ደርቃለች። ሽማግሌው ነፍሱን ይማርና፣ ይህችን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት።»

«ቢጠገንስ?» አለ ትልቁ።

«ውስጧ ተበልቷል የኔ ወንድም። አትድከሙ።» እጁን ጠራረገ። «ይህ የአንድ ቀን ነገር አይደለም። ዘይቱን ማን ነው ሲያይ የነበረው?»

«እሱ ነዋ!» አሉ ሁለቱም፣ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ።

«እኔ?» አለ ትንሹ። «ጨርቁን ወንበር ላይ የምታስቀምጠው አንተ! የቀየርከውም አንተ!»

«እኔ ከአባባ ለቅሶ ወዲህ ኮፈኑን ነክቼው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት የማነበውስ የማንን ነው? የአንተን አይደለም?»

«እኔም አልነካሁትም።»

 መካኒኩ ዘንጉን እንደያዘ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ኧረ ለመሆኑ የዚህች መኪና ባለቤት ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዩኒፎርሙን ዘይት ባልነካው ወንበር ላይ አስቀመጠችና ነገረቻቸው። ማስመሪያዋን፣ ጨርቁን፣ ባሏ የገዛውን ዘይት፤ ያ ዘይት አሁንም ከስፌት መኪናዋ ሥር ጥቂት ብቻ ጎድሎ መቀመጡን። ቅጭልታውን መስማቷንም አልደበቀችም።

«ባለቤት ሆኜ ተረከብኳት፤ ከእናንተ ይልቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች። «እናንተን ላድን ብዬ እሷን አስጠማኋት።»

ትልቁ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። የተቆጣ አልነበረም። ትንሹ ልጅ ግን እንደ ሕፃን አፉ ተንቀጠቀጠ።

«እኔ እኮ» አለ፣ ወንድሙን ሳይሆን መሬቱን እያየ፣ «ጋሼ ይቅር ብሎኛል ብዬ ነበር።»

ትልቁ ልጅ ቀና አለ። አፉን ከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች፤ አንዲት ቃል፣ አንዲት ብቻ። ቃሉ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ ሲያገኝ፣ ትንሹ ልጅ ከጋራዡ ወጥቶ ነበር።

ታክሲዋ ተጎትታ ወደ ቦታዋ፣ ከመስኮቱ ማዶ ተመለሰች። ትልቁ ልጅ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። ትንሹ ሩቅ አገር በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ሥራ አገኘ፤ መነሻው በማለዳ ነበር። እናቱን ሁለት ጉንጯን ሳማት፤ «አላዘንኩብሽም እማዬ» አላት፤ ቦርሳውን አንጠለጠለና ወጣ።

ከመስኮቱ ሆና አየችው። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። ተመለሰ። የታክሲዋን ኮፈን ከፈተና አጎንብሶ ጥቂት ቆየ። ቀጥሎ የሾፌሩን በር ከፍቶ ዘጋው፣ ቀስ አድርጎ። ከዚያ ሄደ።

ትልቁ ልጅ ወንድሙን ለመሸኘት እየሮጠ መጣ። ዘግይቶ ነበር። ግቢው መሀል ላቡን እየጠረገ ሲቆም የሾፌሩ ወንበር ላይ ነጭ ነገር አየ። ጨርቁን አንስቶ ገለጠው፤ እናቱም ማስመሪያዋን እንደያዘች ወጥታ አጠገቡ ቆመች። መሀሉ ላይ አጭር፣ ጥቁር፣ ብረት የተቀላቀለበት መስመር ታትሟል፤ ፀሐይ ሲነካው የደቀቀው ብረት እንደ ከዋክብት ብልጭ ብልጭ ይላል።

«ምን ይላል?» አለችው።

«ደርቋል» አለ ትልቁ ልጅ። መስመሩን እንዳይነካው ተጠንቅቆ ጨርቁን በተቀመቀመው ጠርዙ ይዞ አጠፈውና በደረት ኪሱ ከተተው። «ደርቋል እማዬ። ግን ይህን እሱ ነው የጻፈው።»

ወደ መንገዱ ወጥቶ ተመለከተ። የጭነት መኪናው የለም፤ አቧራው እንኳ ወርዷል። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። እናቱ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጇ ስልኩን ጆሮው ላይ አስደግፎ ደጋግሞ ሲደውል አየችው፤ ያን አመሻሽ አባቱን በሌላ እጁ ደግፎ እንደደወለው።