ወሬኛዋ ዝም ያለችባቸው ወራት

ሴትዮዋ የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ፣ አናጢዎቹ እንጨቱን ሲጨርሱ ስፖንጁን ትለካለች፣ ጨርቁን ትቆርጣለች፣ ከዚያ በዚያ ሲሠራ ወለሉን በሚያንቀጠቅጠው ትልቅ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ትውላለች። የሚያውቋት ሁሉ ስለ እሷ የሚሉት አንድ ነው፦ ቁጥብ ናት፣ ካላናገሯት አትናገርም። ልጇ ደግሞ የእሷ ተቃራኒ ናት።

ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ሆኖም አባቷ ያወጣላት የቤት ስም «ወሬኛዋ» ነው። አባትየው የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ በገባ ቁጥር ልጁ ፊቱ ቁጭ ብላ በእጆቿ፣ በቅንድቧ፣ በትከሻዋ የምትነግረው ነገር ማለቂያ የለውም። እሱም ግማሹ እንኳ ሳይገባው «እሺ፣ ከዚያስ?» በሚል ዓይነት ራሱን እየነቀነቀ ይከታተላታል። «ይቺ ልጅ አፍ ቢኖራት ኖሮ እኔና አንቺ ተራ አይደርሰንም ነበር» ይላል ለሚስቱ።

ይህን ሁሉ ወሬ ልጅቷ ያመጣችው ከትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት የምታውቀው መጠቆምና ማልቀስ ብቻ ነበር። በከተማው ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ያለው አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ እዚያ ከገባች በኋላ ግን እጆቿ እንደ ተፈታ ጥጃ ሆኑ። እናቷ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ ታደርሳታለች፣ ማታ ትቀበላታለች። የቀረውን ትምህርት ቤቱ ያውቃል። እናትየው ራሷ የምታውቃቸው ምልክቶች ለቤት የሚያስፈልጉት ነበሩ፦ ብዪ፣ ተኚ፣ ነይ፣ ጎበዝ፣ አባትሽ መጣ፣ ነገ፣ ትምህርት ቤት። እነዚህ ይበቁ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስታወራ የዋለች ልጅ ወሬ ጠግባ ነው የምትመለሰው።

ያ ዓለምን ያዳረሰው በሽታ መጣና ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ለሁለት ሳምንት ነው ተባለ። ሁለቱ ሳምንት አለፈ፤ ወር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆጥር ሰው ጠፋ። የቤት ዕቃ መሥሪያው ቀዘቀዘ እንጂ አልተዘጋም፤ ስለዚህ እናትየው ልጇን ጎረቤት ካሉ አንዲት ጡረተኛ ዘንድ እያስቀመጠች ሥራዋን ቀጠለች። አሮጊቷ ደግ ናቸው፤ ግን ቴሌቪዥናቸው ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም፤ ልጅቷም አብራቸው ቁጭ ብላ ታያለች።

አንድ እሑድ ማታ ሬዲዮው ትምህርት ቤቶች ሰኞ እንደሚከፈቱ ተናገረ። እናትየው ልጇን ትከሻዋን ነካ አድርጋ ጠራችና «ነገ። ትምህርት ቤት» አለቻት በእጇ። ልጅቷ እንዴት እንደ ሆነች ለመናገር ያስቸግራል። ጫማዋን ራሷ ወለወለች፣ ቦርሳዋን ትራስጌዋ አድርጋ ተኛች። በጠዋቱ እናቷን የቀሰቀሰቻት እሷ ናት።

በሩ ላይ ሲደርሱ ብዙ ወላጆች ቆመዋል። በሩ ግን ዝግ ነው።

«ተራዝሟል ተብሏል» አለ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል አንገቱን ደፍቶ።

«ማነው ያለው?» አለ አንድ ታክሲ ነጂ። መንታ ወንዶች ልጆቹ ሁለቱም አይሰሙም፤ ግራና ቀኝ እጁን ይዘውት ቆመዋል። «ትናንት ማታ በገዛ ጆሮዬ ይከፈታል ሲሉ ሰምቼ ነው የተኛሁት።»

«እሱ የመጀመሪያው ዜና ነው። በኋለኛው ቀይረውታል።»

«እንግዲያው ከአሁን ወዲያ በየተራ እያደርን ሬዲዮ እንጠብቅ በለኛ።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ አብዛኛው ግን ለመሳቅ አልሆነለትም። ርእሰ መምህሯ ድምፅ ሰምተው ወጡ። እንቅልፍ ካጡ የሰነበቱ ይመስላሉ።

«ወላጆች፣ እመኑኝ፤ ደብቄ የያዝኩት ቀን የለኝም። እኔም እንደናንተው ከሬዲዮ ነው የምሰማው» አሉ።

«እርስዎ ካላወቁ እኛ ማንን እንጠይቅ?» አለች ሶፋ ሰፊዋ። ሰው መሀል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። እሷም ከእሳቸው ጋር መጣላት ፈልጋ ሳይሆን ንዴቷን የምታሳርፍበት አጥታ እንደ ሆነ ገብቷታል፤ ንዴቱ ግን አልወጣላትም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ትጎትታለች፤ በሩን ታሳያለች። እናትየው መልስ ፈለገች። «ወደፊት»፣ «ሌላ ጊዜ»፣ «ተራዘመ» የሚባሉትን በእጇ አታውቃቸውም። ጊዜን በሚመለከት የነበራት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ነገ» አለች።

በማግስቱ ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ሥር ቆማ እናቷ አገኘቻት።

እናትየው «የለም» በሚል ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ልጅቷ አፈጠጠችባት፤ ከዚያ አመልካች ጣቷን በአፏ ላይ አግድም ሰነዘረች። እናትየው ምልክቱን አታውቀውም፤ ሆኖም ደህና ነገር እንዳልሆነ ለመረዳት መምህር አላስፈለጋትም። «ነይ» ለማለት እጇን ስታነሣ ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። የማይሰማ ልጅ ዓይኑን ከጨፈነ ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ ምንም በር የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እጆቿ ያለ ዕረፍት ይውሉ የነበሩት ልጅ አሁን ኪሷ ውስጥ ትከታቸዋለች። እናቷ ልታናግራት ስትል ጨፈን ታደርጋለች። አባቷ ከመንገድ ሲደውልና ፊቱን በስልኩ ሲያሳያት እንኳ ለአፍታ አይታው ትሄዳለች። «ወሬኛዋ ምን ሆነችብኝ?» ይላል። «ትምህርት ቤቱ ነው» ትላለች እናትየው። «መቼ ይከፈታል አሉ?» ሲላት ስልኩን ብትወረውረው ደስ ይላታል፤ ምክንያቱም አሮጊቷም፣ አናጢዎቹም፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩም ይህንኑ ይጠይቋታል።

ሁለተኛ የመክፈቻ ቀን ተቆረጠ። ለልጇ አልነገረቻትም። ያም ተራዘመ። ባለመንገሯ እፎይ አለች፤ ቆይቶ ግን ልጇ ምንም ሳታውቅ መዋሏ ከዚያኛው የባሰ መስሎ ተሰማት።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን የሶፋ መደገፊያ ገልብጣ ሰፋች። አሠሪዋ አዛውንት ናቸው፤ ጨርቁን አንሥተው አገላብጠው አዩትና አስቀመጡት።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካንቺ አይቼ አላውቅም። ምን ሆነሻል?»

«ጋሼ፣ ክፉም ቢሆን ቁርጡን ቢነግሩኝ እችለው ነበር» አለች መኪናውን አጥፍታ። «ዓመት ሙሉ ዝግ ነው ቢሉኝ ዕቅዴን አውቄ እቀመጣለሁ። ይከፈታል፣ የለም ቆይ፣ አሁን ይከፈታል፣ የለም ቆይ... ይኼ ነው ያቃተኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ እኔ አልቻልኩትም፤ እሷ እንዴት ትቻለው?»

«ንገሪያታ። እኔም አላውቅም በያት።»

«በምን?»

ሽማግሌው ገና ያን ጊዜ ገባቸው። «እሷን ማናገር የሚችል ሰው የለም?» አሉ። «ካለ ዛሬውኑ ይዘሻት ሂጂ። ሶፋው የትም አይሄድም።»

የልጅቷ መምህር ራሱም አይሰማም። ወጣት ነው፤ የሚኖረው ከአንድ ጎማ ጥገና ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። የብረቱና የነፋስ መሙያው ጩኸት ተከራይ አላስቀምጥ ብሎ ባዶውን ይከርም የነበረ ቤት ነው አሉ፤ ለእሱ ግን ከዚያ የተሻለ ጸጥ ያለ ቤት የለም። እናትየው በሩን ልታንኳኳ እጇን ካነሣች በኋላ ራሷን ታዘበች፤ በመስኮቱ በኩል እጇን አወዛወዘችለት።

አብራት የመጣችው ልጅ መምህሯን እንዳየች እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ስንት ጊዜ ተከማችቶ የነበረው ሁሉ በአንዴ ወጣ፤ እጆቿ እርስ በርስ እስኪጋጩ ድረስ ተናገረች። መምህሩ መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ። ልጅቷን እጇን ይዞ አስቆማትና ስልኩን አውጥቶ ጽፎ ለእናትየው አሳያት።

«“ልጆቹ ሁሉ ሞቱ ወይ?” እያለችኝ ነው። “በቴሌቪዥን የሞቱ ሰዎች አይቻለሁ። እናቴ ታውቃለች፤ ደብቃኝ ነው” ትላለች።»

እናትየው በራፉ ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጇ ስለ ትምህርት ቤቱ የተቆጣች መስሏት ነበር። ለካስ ልጅ ሆና ያን ሁሉ ሐዘን ብቻዋን ተሸክማ ነው የከረመችው።

መምህሩ ብዙ አልቆየም። ስልኩን አስተካክሎ ደወለ፤ ምስሉ ብቅ ሲል የልጅቷ የዴስክ ጓደኛ ነበረች፣ ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ ዳቦ በእጇ ይዛ። ዳቦውን ጣለችው። ሁለቱ ማውራት ሲጀምሩ መምህሩ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎላቸው ዘወር አለ። እናትየው ልጇ ስትስቅ ሰማች፤ ያ ሳቅ ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር ረስታው ነበር።

እንባዋን ስትጠርግ ስልኳን አወጣችና ጻፈች፦ «“አላውቅም” እንዴት ነው የሚባለው?»

መምህሩ አሳያት፤ እጅ ግንባርን ነክቶ ባዶውን ይመለሳል። ከዚያ «ገና»ን አሳያት፣ «ተቀየረ»ን፣ «ምናልባት»ን። በአፏ ላይ አግድም የሚሰነዘረው ጣት ምን እንደ ሆነም ጠየቀችው። «ውሸት» ብሎ ጻፈላት። ራሷን ነቀነቀች።

ሲሄዱ መምህሩ «ቅዳሜ ቅዳሜ ይምጡ። ሌሎችም ከመጡ ደስ ይለኛል፤ ግቢው ሰፊ ነው» ብሎ ጻፈ።

ታክሲ ነጂውን የጠራችው እሷ ናት። እሱ ደግሞ ሌሎች ወላጆችን አመጣ። ከጎማ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ራቅ ብሎ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ባረጁ ጎማዎች ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰብሰብ የሚሉት ምሬታቸውን ለመወጣት ነበር፦ አንዷ ልጇን ቢሮ ይዛ እየሄደች ከአለቃዋ ጋር ዓይንና ናጫ ሆናለች፤ ሌላው ሥራውን ትቶ ቤት ተቀምጧል። ቆይተው ግን ምሬቱንም በእጃቸው መናገር ጀመሩ፤ በእጅ ሲነገር ደግሞ ረጅም ምሬት አይመችም። ታክሲ ነጂው አንድ ቀን «ትምህርት ቤቱ ይከፈት» ልበል ብሎ የተናገረው ምልክት «ፍየሉን ክፈቱት» የሚል ሆኖ ተገኘ። መንታዎቹ መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ትምህርት ቤቱ ፍየል ሆኖ ቀረ፤ «ፍየሉ እንዴት ነው?» «ታስሯል።»

ወሬኛዋ ከእናቷ ጋር ወዲያው አልታረቀችም። በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቷ ስትማር ከሩቅ ሆና ታያት ነበር። በሁለተኛው ቀረብ አለች። በሦስተኛው የእናቷን ጣት ይዛ አስተካከለችላት፤ ያላስተካከለችው ነገር ከዚያ በኋላ የለም። ጥብቅ አስተማሪ ሆነችባት። እናቷ ሳህን ስታጥብ እንኳ በእርጥብ እጇ የቀኑን ምልክቶች እንድትደግም ታደርጋለች።

ሬዲዮው ሦስተኛ የመክፈቻ ቀን ተናገረ። እናትየው ልጇን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻት፤ ከፊቷ በርከክ አለች።

«ሰኞ ትምህርት ቤት ተብሏል» አለች ቀስ ብላ። «ምናልባት ይከፈታል። ምናልባት ይቀየራል። እኔ አላውቅም።»

ልጅቷ ዓይኗን አልጨፈነችም። «መምህሬስ?»

«አያውቅም።»

«ርእሰ መምህሯስ?»

«አያውቁም።»

«ማን ያውቃል?»

«ገና ማንም።»

ልጅቷ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰበችበት። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ የማያውቁት ነገር መኖሩን ያን ቀን የሰማች መሰለች። ከዚያ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገችና «እንግዲያው ቦርሳዬን አዘጋጃለሁ። ካልተከፈተ እመልሰዋለሁ» አለች። ሄዳም አዘጋጀች። እናትየው እዚያው በጉልበቷ እንደ ሆነች ቆየች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቷ ላይ የነበረው ነገር ቀለል አለላት።

ያ ቀንም ተራዘመ። ልጅቷ ቦርሳዋን መለሰችው፤ ተናደደች፤ አለቀሰችም፤ ግን እያለቀሰች አወራች፤ እናቷም እያንዳንዱን ቃል ባትረዳ አብዛኛውን ተረዳች።

በመጨረሻ ተከፈተ። ግማሹ ልጅ በአንድ ሳምንት፣ ግማሹ በሌላው እንዲመጣ ተደረገ። በጠዋቱ ወላጆች ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ልጆቹ ራቅ ራቅ ብለው ተሰለፉ። ወሬኛዋ ሰልፉን በዓይኗ ስታስስ፣ በእሷ ሳምንት መምጣት የነበረበት አንድ ልጅ እንደ ጎደለ ያየችው ወዲያው ነው። በግቢው ዳር ለቆመው መምህሯ እጇን አነሣች።

እናትየው በበሩ ብረት መሀል ታያለች። በዚያ ርቀት የማንም ድምፅ አይደርስም ነበር።

«እሱ የት አለ?» አለች ልጇ።

«ቤተሰቡ ሌላ ከተማ ሄደ» አለ መምህሩ። «ደህና ነው። ትናንት አውርቼዋለሁ።»

«ምን ነገረህ?»

መምህሩ አንድ ነገር አላት፤ ልጅቷ ሳቀች። እሱን እናትየው አልያዘችውም፤ ፈጥኖባታል። አጠገቧ የቆመው ታክሲ ነጂ «ምን አላት?» ሲላት «አላውቅም» አለች በእጇ፣ ሳታስበው። ከዚያ ሥራ እንዳይረፍድባት አውቶቡሱን ለመያዝ ፈጠን ብላ ሄደች።