አውሮፕላን አውድማ የገባች ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። የወንድሜ ልጆች ግን «ወታደር ነበርሽ አሉ፤ ጦር ሜዳ ምን ይመስላል?» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። ከረገጥኋቸው ሜዳዎች ሁሉ ልነግራቸው የምችለው ይኸን ነው።

ቡድናችን ከኩልመስክ በላይ ወዳለው ደጋ እንዲወጣ ትእዛዝ የደረሰው እህል በሚወቃበት ወቅት ነው። ግዳጃችን ቀላል ነበር። ካርታ የምታነሣ ትንሽ አውሮፕላን ሣሩ ላይ እስክታርፍ ድረስ ሜዳውን ከሰውና ከከብት መጠበቅ ብቻ። መሪያችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ ነበር። ከእኛ ጋር ብዙ ጊዜ እሳት ውስጥ የገባ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

ከብቱን አስነሣን፤ ሰዉንም አስነሣን። አያ ይመር የሚባሉ አንድ ገበሬ ብቻ አልነሣም አሉ። አውድማቸው ከሜዳው ጥግ ነው። ገብሱ ተወቅቷል፤ ገለባውን ከፍሬው የሚለይ ንፋስ ግን ጠፍቶ ሰንብቷል። አውሮፕላኗ ከምታርፍበት መስመር ውጭ ስለሆኑ ሃምሳ አለቃ ተዋቸው። በዚያው ረፋድ ንፋሱ ተነሣ።

«ተመስገን!» አሉ አያ ይመር፣ እህል የሚበትኑበትን ላይዳ አንሥተው።

«ኧረ ምኑ ይመሰገናል!» አለ ሃምሳ አለቃ ሰማይ ሰማዩን እያየ።

እስከ እኩለ ቀን ንጹሑ ገብስ ተቆለለ፤ ጭዱም ከጎኑ ተከመረ። የእኔ ቦታ ከሜዳው ጫፍ ነበር። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ አብራሪው እንዲያይ፣ የዱቄት ጆንያ የታሰረበት ረጅም እንጨት ተሰጠኝ። ጆንያው አንዴ ወደ ላሊበላ፣ አንዴ ወደ ኩልመስክ ይጎትተኛል።

«አንድ ቦታ ቁሚ እንጂ!» አለችኝ ጓደኛዬ ብርቄ።

«ለጆንያው ንገሪው!» አልኋት።

ከእኩለ ቀን በኋላ አውሮፕላኗ መጣች። ዝቅ አለች። ንፋሱ ከጎን መታት። ተመልሳ ወጣች። ዞራ መጣች። አንድ እግሯ ሣሩን ነካ። አንድ ክንፏ ተነሣ። እኛ ሁላችን መሬት ላይ ተጣልን፤ ልማድ ነው። ቀና ስንል በጎኗ እየተንሸራተተች ወደ አውድማው ትሄዳለች። ጭዱ ውስጥ ገባች። ጸጥ አለ። ከዚያ ጭድ ዘነበብን።

«ወደፊት!» አለ ሃምሳ አለቃ።

ሮጥን። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ጭዱ ውስጥ ቀብራለች። ከክንፏ ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ ከተቆለለው ገብስ ክንድ አይርቅም። አብራሪው ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል። አያ ይመር ላይዳቸውን እንደ ኬላ አጋድመው ከአውድማው ዳር ቆሙብን።

«ጫማ!»

«አባት፣ ሰው ሊሞት ነው!» አለ ሃምሳ አለቃ።

«የሚጮኽ ሰው አልሞተም። አውድማ በጫማ ከተረገጠ በረከቱ ይሄዳል። ይኸን ገብስ ዓመቱን ሙሉ ስምንት ነፍስ ይጠብቀዋል።»

«አውሮፕላኗስ ከነጎማዋ ገብታ የለ?»

«እሷ እንግዳ ናት፣ አታውቅም። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ!»

ሃምሳ አለቃ ቁጭ ብሎ የከስክሱን ክር መፍታት ጀመረ። እኛም ተከተልነው። ተከበን ሳለን እንኳ ያልወለቀ ከስክስ ለአንድ ሽማግሌ ወለቀ። የሃምሳ አለቃ አውራ ጣት በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ አየነው። እሱም እኛን አየን። ማንም አልሳቀም።

አያ ይመር ቀድመውን ደርሰው የአብራሪውን እግር ያዙ።

«እግሬ ደህና ነው!» አለ አብራሪው።

«አውቃለሁ ልጄ። ጫማህን ነው።»

በካልሲ አወረድነው። ግንባሩ ጫር ከማለቱ በቀር ደህና ነበር። ከዚያ ክንፉን ያዝን፤ ጭራውን ያዝን። ገፋን። ንፋሱ መልሶ ገፋን። ገለባው ካልሲውን አልፎ እግራችንን እንደ መርፌ ይወጋል። አያ ይመር ቤንዚኑ ወደ ገብሱ እንዳይደርስ ገለባ እየዛቁ ይደፉበታል፤ ላይዳቸውን ጥለው በባዶ እጃቸው። እኒያ ሰው ሲፈሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደግመን ገፋን። አውሮፕላኗ ወጣች። ከገብሱ ዳር ጥቂት ረጥቦ ነበር፤ ለይተው ጣሉት። ሌላው ተረፈ።

ማምሻውን ሃምሳ አለቃ ሬዲዮውን አነሣ።

«የሞተ አለ?» አሉት ከወዲያ።

«አንድ ዶሮ። ጭዱ ውስጥ የነበረች።»

«ድገም።»

«ዶሮ። አንድ።»

«ቁስለኛስ?»

ሃምሳ አለቃ እግር እግራችንን አየ። «ሁላችንም» አለ።

በሌሎች ሜዳዎች ላይ ስም ሲጠራ ዝም የሚል ነበር። ያንን ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። የዚያን ቀን ማታ ግን የተጠራው ሁሉ «አቤት» አለ። ብርቄ ሁለት ጊዜ አለች።

አውሮፕላኗ በመኪና ተጭና ከሄደች በኋላ እኛም ተነሣን። አያ ይመር የተቆላ ገብስ በእፍኛቸው ይዘው መጥተው ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦

«አብሽሪ ልጄ፣ ብዪው። ቤንዚን ቤንዚን ካለሽ ግን እሳት አጠገብ እንዳትቀመጪ።»