አማቴ የተረተሩት ጭላሎ

ጥልፍ የጀመርኩት ሦስተኛ ልጄን ጡት ባስጣልኩበት ክረምት ነው። አሰላ ላይ ክረምት ሲገባ ልብስ አይደርቅም፣ ልጆች ደጅ አይወጡም። አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ቤት ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን ለትልቋ ልጄ የሹራብ ክር ልገዛ ገበያ ወርጄ፣ ባለሱቁ ክሩን ሲፈልግ ከመደርደሪያው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ የጥልፍ ጨርቅ ወጣ። ቀዳዳው እንደ ካሬ ደብተር የሚቆጠረው ዓይነት ነው። ልጅ ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ መስቀለኛ ጥልፍ የተማርነው በእሱ ነበር። ሹራቡን ትቼ ጨርቁን ይዤ ተመለስኩ። ልጄ አኮረፈችኝ።

መስቀለኛ ጥልፍ ከባድ ነገር የለውም። ክሩ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ጋደል ብሎ ያልፋል፤ ትንሽ መስቀል ይሆናል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ነው። እኔ የወደድኩት ደግሞ ማንም ቢያቋርጠኝ የማይበላሽ መሆኑን ነው። ልጅ ሲያለቅስ ተነስቼ፣ ወጡ ሲያርር ሮጬ፣ ተመልሼ ስቀመጥ ያቆምኩበት ቦታ ይጠብቀኛል። በቤት ውስጥ ከምሠራው ሁሉ እንዲህ ያለ ሌላ ሥራ አላውቅም። የታጠበ ሰሃን መልሶ ይቆሽሻል፣ የታጠፈ ልብስ ይበተናል። ጥልፉ ግን ትናንት ካደረስኩት ላይ ይቀጥላል።

ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው። የሚሠራው ኦጎልቾ ስለሆነ ቤት የሚገኘው ቅዳሜና እሑድ ነው። ጥልፌን ይወድልኝ ነበር፤ የአበባ ጥልፍ የሠራሁበትን የትራስ ልብስ ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። አማቴ ግን አልወደዱትም። ጎበሳ ነበር የሚኖሩት፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላም እርሻውንና ከብቱን ብቻቸውን የያዙ ብርቱ ሴት ነበሩ። ለፋሲካ ሊጠይቁን መጥተው መርፌ ይዤ ቢያዩኝ፣

«ቤትና ልጅ ያላት ሴት እንዲህ ተቀምጣ አይቼ አላውቅም» አሉኝ።

«ሥራዬን ጨርሼ ነው እኮ፣ እማማ።»

«ሥራ የሚያልቅበት ቤት አለ እንዴ?»

ወላጆቼ ከጉራጌ አገር መጥተው አሰላ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው፤ አማቴ ደግሞ «የነጋዴ ልጅ» ይሉኝ ነበር፣ እየሳቁ። ሳቁ እውነት ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር ገብቶኝ አያውቅም። ተጣልተን አናውቅም። ሲመጡ እግራቸውን አጥቤ፣ ሲሄዱ መንገድ ድረስ ሸኝቼ፣ እሳቸውም መርቀውኝ፣ ተከባብረን ተራርቀን ኖርን።

ከዚያ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የልጆቼን ስም ነበር የሚያምታቱት፤ እሱን ማንም አያት ያደርገዋል ብለን አለፍነው። በኋላ ግን የጎበሳ ጎረቤታቸው ለባለቤቴ ደወለች። እናትህ ከብቶቹ አልገቡም ብለው ወጥተው መንገድ ጠፍቷቸው ነው ያገኘናቸው አለችው። ከብቶቹ ከተሸጡ ቆይተዋል። ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ሄዶ አመጣቸው፤ እኛ ጋ ቀሩ።

ጠዋት ጠዋት እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ሠራተኛችን ትጠብቃቸዋለች፤ ከምሳ በኋላ ተራው የእኔ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ደህና ይሆናሉ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ግን አንድ ነገር ይነካቸዋል። ነጠላቸውን ያስተካክሉና ይነሳሉ።

«ልሂድ። ከብቶቹ አልገቡም።»

«ገብተዋል እማማ፤ በረቱ ተዘግቷል።»

«ማን ነው የዘጋው?»

አንድ ቀን ሠራተኛዋ ወፍጮ ቤት፣ እኔም ስብሰባ ላይ ሳለን ወጥተው ሄዱ። የተገኙት መናኸሪያ፣ ወደ ጎበሳ የሚሄድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከረዳቱ ጋር ሲከራከሩ ነው። ሰፈራችንን የሚያውቅ ባለባጃጅ አይቷቸው አግባብቶ ይዟቸው መጣ። ከዚያ በኋላ የግቢውን በር መቆለፍ ግድ ሆነ። እሳቸውም የቆርቆሮውን በር በሁለት እጃቸው ይዘው ይነቀንቁት ጀመር። እስኪጨልም ይነቀንቃሉ። ያን ድምፅ እየሰማሁ ነበር የልጆቼን የቤት ሥራ የማየው፣ እራት የማቀርበው።

በዚያ ሰሞን የምጠልፈው ጭላሎን ነበር። ተራራው ከጓሮ በራችን ፊት ለፊት ይታያል። ከሰው ንድፍ ሳልቀዳ፣ በካሬ ወረቀት ላይ በራሴ እጅ ሥዬ ያወጣሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ስለሆነ ልዩ ፍቅር ነበረኝ። ከታች የደረሰ ስንዴ፣ ከፍ ሲል ጥቁር አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ ግራጫና ሰማያዊ። ለግራጫው ብቻ ስንት ክር እንዳማረጥኩ! ከዓመት በላይ ሠርቼው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው።

አንድ ቀን ስብሰባ አቆይቶኝ አመሻሹ ላይ ከትምህርት ቤት ስገባ አማቴ በረንዳው ላይ ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የራሴን መርፌ ይዘው ክሩን ከሥሩ እየነቀሉ፣ እንቢ ያለውን በጥርሳቸው እየበጠሱ ነው። ግማሹ ተራራ የለም። የነቀሉትን ክር በየቀለሙ ለይተው፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ቀሚሳቸው ላይ ደርድረውታል። ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው በርቷል።

«ነይ እዪ» አሉኝ። «አጣመው ሰፍተውት ነበር። ተረተርኩልሽ።»

ትልቋ ልጄ ከኋላዬ ነበረች፤ ቦርሳዋን ጥላ ጮኸች።

«አያቴ! ምን አደረግሽ? እማዬ ስንት የደከመችበትን! ለምን ነካሽው?»

አማቴ ደነገጡ። ክሮቹን ሰብስበው ነጠላቸው ሥር ሸሸጉ፤ እንደ ተያዘ ሕፃን ዓይናቸው ተቅበዘበዘ። «አልሰረቅኩም» አሉ። «የኔ ክር ነው። አልሰረቅኩም።» ያቺ ብርቱ ሴት።

ልጄን ወደ ውስጥ አስገባኋትና ወደ ጓሮ ወጣሁ። የተሰጣው አንሶላ መሃል ገብቼ አለቀስኩ። ለጥልፉ ይሁን ለእሳቸው ራሴም አልለየሁትም። ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀምጣ ከአንሶላው ማዶ ቆማ ጠበቀችኝ።

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ መሽቷል። ልጆቹ መብራት አብርተዋል። አማቴ አሁንም በረንዳው ላይ ናቸው፤ ክራቸውን መልሰው አውጥተው እየለቀሙ ነው። ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ከብቶቹ የሚገቡበት ሰዓት አልፏል፤ በሩን ግን ማንም አልነቀነቀውም።

በማግስቱ የቀረውን ጭላሎ እኔው አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ባለቤቴ ቅዳሜ ሲመጣ እናቱ አጠገብ ያለውን ጨርቅ አይቶ ክው አለ። «ያን ሁሉ የለፋሽበትን?» አለኝ።

«በሩን ሲነቀንቁ ከሚውሉ ይሻላል።»

«ሌላ አሮጌ ጨርቅ አይሆንም ነበር?»

«ሞክሬአለሁ። የተሰፋ ነው የሚፈልጉት።»

ሄዶ እናቱ ጎን ተቀመጠ። «እማዬ፣ ደህና ሰነበትሽ?» አላቸው። አማቴ በአክብሮት ጨርቁን ሰብስበው ቦታ ለቀቁለትና «ወንድም ጋሼ፣ መቼ መጣህ?» አሉት። ባለቤቴ አሁን መጣሁ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ምንም ያልሆነውን ጫማውን ቧንቧ ሥር ይዞ ሲያጥብ ቆየ።

ተራራው ተተርትሮ ሲያልቅ የትራስ ልብሶቹን ሰጠኋቸው። እነሱም አለቁ። ስለዚህ ለመተርተር የሚሆን መስፋት ጀመርኩ። አበባም ወፍም ትቼ በአንድ ቀለም ረጃጅም መስመር ብቻ፤ በቀላሉ እንዲወጣላቸው ጫፉን ሳልቋጥር እተወዋለሁ። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አንዱን ጨርቅ እኔ በዚህ ጫፍ እሰፋለሁ፣ እሳቸው በዚያኛው ጫፍ ይተረትራሉ። ትንሹ ልጄ መሃላችን ገብቶ ክር ይለቅማል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልትጠይቀኝ መጥታ ብዙ ካየችን በኋላ፣

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያደክምሻል?»

ደስ ይለኛል ብላት አታምነኝም ነበር፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ቆንጆ ይሁን አይሁን ሳልጨነቅ፣ ያልቃል ብዬ ሳልቸኩል፣ መርፌዋ ጨርቁን ስትበሳ የምታሰማትን ትንሽ ድምፅ እየሰማሁ መቀመጥ እንደዚያን ጊዜ ጣፍጦኝ አያውቅም። አጠገቤ ሰው እየጠፋ መሆኑንም አውቃለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ አላውቅም፤ ግን ሆነው ነበር።

አማርኛቸው እየጠፋ ሲሄድ ኦሮምኛው ቀረ። እኔን ደግሞ «አዮ» ይሉኝ ጀመር። አዮ እናት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለምን እኔን እንደሚሉኝ የነገረኝ ባለቤቴ ነው። እናታቸው በልጅነታቸው ሞተው ኖሮ ያሳደገቻቸው የኦሮሞ ጎረቤታቸው ናት፤ አዮ የሚሏት እሷን ነበር። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ጨርቁን ጥለው ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፉና «አዮ፣ መነ ነ ገልቺ» ይሉኛል፤ እማዬ፣ ቤት አስገቢኝ። እሺ፣ እንገባለን እላለሁ እኔም በኦሮምኛ። ይበቃቸዋል። የነጋዴ ልጅ ሆኜ ያን ሁሉ ዓመት ያላገኘሁትን ቦታ እንዲህ አገኘሁት፤ ማን እንደሆንኩ ከረሱ በኋላ።

አንድ ከሰዓት ግን ድንገት እጃቸውን አቁመው ትክ ብለው አዩኝ። ጥርት ባለ አማርኛ፣

«አንቺ የልጄ ሚስት አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ እማማ።»

«ከኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ልጆችሽስ?»

«ትምህርት ቤት ናቸው። አሁን ይመጣሉ።»

ጨርቁን አገላብጠው አዩት። «ሥራ አስፈታሁሽ» አሉ፣ በጣም ዝግ ብለው።

«የለም እማማ፤ ይኸው አብረን እየሠራን አይደል?»

እጄን ያዙኝ። የእርሻ እጅ ነው፤ አርጅቶም ይጠነክራል። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና የያዙት ነገር ጠፋባቸው። ወደ ግቢው ዞረው አዩ። ምን ሊሉኝ እንደነበር ብዙ ቀን አስቤአለሁ። እንደዚያ ሆነው ደግመው አላዩኝም።

ከዚያ ጣቶቻቸውም ረሱ። መርፌውን ስሰጣቸው ወዲያና ወዲህ ያገላብጡታል እንጂ ምን እንደሚያደርጉበት አያውቁም። ተወግተው እንዳይጎዱ መርፌውን ወሰድኩ። ጨርቁን ብቻ ይዘው ይቀመጣሉ፤ እኔም ቀስ ብዬ መስፋቴን ተውኩ። የሚተረትረው በሌለበት መስመር መስፋት እንዴት ይቻላል?

ስንዴው የሚታጨድበት፣ ማለዳ ውርጭ የሚጥልበት ሰሞን ሳል ያዛቸው። ሐኪም ሳንባቸው ተጎድቷል፣ አቅማቸውም አልቋል አለ። ጥቂት ቀን ሆስፒታል ካስተኟቸው በኋላ ወደ ቤት መለሱልን። አንድ ቀን ጠዋት ልጆቹን ሸኝቼ አጥሚት ይዤ ስገባ ትንፋሻቸው ተለውጧል። ኩባያውን አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ» አልኳቸው። «አዮ ነኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን አልገለጡም። ትንፋሻቸው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ።

ባለቤቴ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ከገባበት ማሳ ላይ ነበር፤ ስደውልለት ከሞተሩ ድምፅ የተነሳ አልሰማ ብሎኝ ደጋግሜ መናገር ነበረብኝ። «እናትህ ዐረፉ» የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ዕለት አወቅኩ።

ቀብራቸው ጎበሳ ሆነ። ሰው ወጣ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እያለቀሰ። ብርታታቸው ተነሳ፤ በሬ ሲጎድልባቸው ያደረጉት፣ ጎርፍ ሲመጣ ያዳኑት። እኔ የማለቅሰው ለሌላ ሰው ነበር፣ ትከሻዬ ላይ ያርፍ ለነበረው ሰው። ከባለቤቴ ዘመዶች አንዷ ክንዴን ይዛ ልታረጋጋኝ፣ «ይበቃሻል፣ እናትሽ እኮ አይደሉም» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ቤት ስንመለስ የከሰዓቱ ሰዓት ባዶ ሆነብኝ። ለስንት ጊዜ የጎደለኝ ጊዜ ተረፈኝ፤ አልፈለግኩትም። አንድ እሑድ ከባለቤቴ ጋር የእናቱን ዕቃ ስናስተካክል የጭላሎን ጨርቅ አገኘው። ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ከእጅ ብዛት ነጩ ጠቁሯል። «መልሰሽ ልትሠሪው ትችያለሽ?» አለኝ።

«አልችልም» አልኩት። «ጨርቁ ክር መያዝ አይችልም።»

አጣጥፎ ከልብሶቻቸው ጋር አስቀመጠው።

መርፌ የያዝኩት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ያቺው ባልደረባዬ ልትወልድ ስትል ለሕፃኑ አንገት ሥር የምትውል ትንሽ ጨርቅ ጀመርኩላት፤ ዳርዳሯን ቢጫ። ሦስት ረድፍ ሰፍቼ ስጨርስ እጄ ቆመ፤ አጠገቤ የሚነቅል ሰው የጠበቅኩ ይመስል። ረድፎቹ ማንም ሳይተረትራቸው ቁጭ አሉ። ለሌላው ሰው ይሄ ደስታ ነው፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ትንሹ ልጄ ከውስጥ «እማዬ፣ ርቦኛል!» እያለ ተጣራ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተነሳሁ።