ሐረጎን በሃያ አራት በመቶ

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዲት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ከሐርቡ መጥታ ኮምቦልቻ ያለው ግቢዬ ገባች። ባትሪዋ ላይ የቀረው ዐሥራ አንድ በመቶ ነበር። የሚነዳት ሙሽራው ራሱ ነው፤ የሚሄደውም ደሴ፣ ሙሽሪትን ሊያመጣ።

ግቢዬ አስፋልት ዳር ስለሆነ አንድ ባለሀብት ፈጣን ቻርጀር ተክሎበታል፤ መኪኖቹን የማስተናግደው እኔ ነኝ። ብዙ ዘመን ዜና ስዘግብ ስለኖርኩ፣ ያልገባኝን ቃል ለሰው መንገር አልወድም። የተከለውን ቴክኒሻን፣ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት በምን እንደሚለያዩ እስኪሰለቸው ጠየቅሁት። በመጨረሻ “ኪሎዋት ቧንቧው ውኃ የሚያወርድበት ፍጥነት ነው፤ ኪሎዋት ሰዓት ጀሪካኑ ውስጥ የገባው ውኃ ነው” ሲለኝ ነገሩ በራልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስለ ጀሪካን ሳወራ ሰነበትኩ።

ሙሽራው ሱፉን እንደለበሰ ዘሎ ወረደ። ከኋላ አክስቱ ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ አንድ የሰባ ሙክት።

“ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉልኝ! ከቀትር በፊት ደሴ መድረስ አለብን። ትናንት ለሰርጉ ሐርቡን ስዞር ባትሪው አለቀብኝ።”

የቸገረው ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። ገመዱን ስሰካ ነገረኝ። የሙሽሪት አባት ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በናፍጣ መኪና ሲወጡና ሲወርዱ ያረጁ ሾፌር ናቸው። “ያቺ የባትሪ መኪና ሐረጎን በራሷ እግር ካልወጣች፣ ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በእኔ የጭነት መኪና ነው” ብለዋል፤ ያውም በሽማግሌ ፊት። ሙሽራው መኪናዋን የገዛት ደግሞ በዚሁ መንገድ ሊሠራባት ነው።

የቻርጀሩን ስክሪን አየና ፊቱ ተለወጠ። “ቻርጀሩ ላይ ስልሳ ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። እዚህ የሚታየው ሠላሳ አራት ነው። የቀረው የት ገባ?”

“ጋሼ በልተውብህ ይሆናላ!” አሉ አክስቱ በመስኮት።

“ስልሳው የቧንቧው አቅም ነው” አልኩት። “ምን ያህል እንደምትቀበል የምትወስነው መኪናህ ናት።”

“መቶ እስኪሞላስ ምን ያህል ይፈጃል?”

“መቶን አትጠብቅ። ከሰማንያ በኋላ በጣም ይዘገያል። ለዛሬ አርባ ይበቃሃል።”

“እንደ ሰው ነዋ!” አሉ አክስቱ። “የራበው ሰው ጉርሻ በጉርሻ ላይ ይደርባል፤ ሲጠግብ እየመረጠ ይቆነጥራል።” ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ባትሪው ሃያ አራት በመቶ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጠፋ። ጎረቤቴ ያለው የብረታ ብረት ቤት መጋዝም ዝም አለ። መብራት ሄዷል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ሙሽራው ወደ መኪናው ገብቶ ዳሽቦርዱን አየ። “ዘጠና ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ ትለኛለች። ደሴ ሃያ አምስት ገደማ ናት። ምን ያስፈራል?”

“እሱ ግምቷ ነው። ያሰላችው ትናንት ሐርቡ ሜዳ ላይ በዞርክበት ነው። ሐረጎን ገና አላየችም።”

እኔ ግን አይቼዋለሁ። ቻርጀሩ እንደተተከለ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና ከያዘ ወዳጄ ጋር ሦስት ጊዜ ደሴ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ለእኔ ወሬ ነው። መውጫው ሦስቱንም ጊዜ ዐሥራ ሰባት በመቶ በላ። መውረጃው ላይ ግን ቁጥሩ ሲጨምር አይቼ ጮህኩ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትይዝ ሞተሯ ወደ ኋላ እየሠራ ባትሪውን ይሞላ ነበር! ብዙ ነገር ሲጨምር ዘግቤያለሁ፤ ቁልቁል እየሄደ የሚጨምር ግን አላጋጠመኝም። ሁለት በመቶ መለሰልን።

ያኔ ግን ሙክት አልጫንንም።

“ትደርሳለህ” አልኩት። “ኤሲውን አጥፋ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ሙክቱ ግን ይውረድ፤ በሚኒባስ እልክልሃለሁ።”

“ባዶ እጃችንን ልንገባ?” አሉ አክስቱ።

“እንግዲህ ወይ ሙክቱ ወይ እርስዎ!”

“እኔስ እልል እልልሃለሁ፤ ሙክቱ ምን ይልልሃል?”

ሙክቱ ወረደ። ሙሽራው መሪውን ይዞ አየኝ። “ወላሂ በሉ፣ እንደርሳለን?”

“ለክቼዋለሁ” አልኩት። ሄዱ።

ሙክቱን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ስመለስ ዐይኔ ከስልኬ አልተነቀለም። በሥራዬ ስንት ትልቅ ዜና ጠብቄያለሁ፤ ልቤ እንዲያ ሲመታ ግን አላስታውስም። ከቀትር ትንሽ ቀደም ብሎ ተደወለ። መጀመሪያ የሰማሁት እልልታ ነው፤ ቀጥሎ አክስቱ፦ “ወጣች! ሐረጎን እንደ ፍየል ወጣቻት!”

ሙሽራው ስልኩን ተቀብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አልሐምዱሊላህ፣ ደርሰናል። አባቷ መኪናዋን ዙሪያዋን አይተው፣ ጎንበስ ብለው ከሥሯ አይተው፣ ‘ልጄ በዚህችው ትሂድ፤ እኔም ከፊት እቀመጣለሁ’ አሉ። ግን ጋሼ፣ የቀረኝ አምስት በመቶ ነው። ምሳ በልተን ልውረድ?”

መብራት ተመልሶ ነበር። “ውረድ። ፔዳሉን ልቀቅላት፤ ቁልቁለቱን ራሷ ትያዘው።”

ከሰዓት በኋላ ጥሩምባው ገና ከሩቅ ተሰማኝ። ነጯ መኪና በአበባ ተሸፍና፣ ሚኒባሶች አስከትላ ግቢዬ ገባች። ቀድመው የወረዱት የሙሽሪት አባት ናቸው።

“ሰላም ዐለይኩም። ቻርጀሩ ያንተ ነው?”

“ወዐለይኩም ሰላም፣ አባባ። እኔ አስተናጋጁ ነኝ።”

“እኔ ሐረጎን ዕድሜዬን ሙሉ በከባድ ማርሽ ይዤ ወርጃለሁ። ያ ሁሉ ጉልበት እንዲያው በነፋስ ሄደ? ይቺ እኮ እየለቀመች ወረደች፣ ወላሂ!”

“አባዬ፣ ቁጥሩን አሳዩዋቸው እንጂ!” አለች ሙሽሪት ከኋላ።

ራሴ ጎንበስ ብዬ ዳሽቦርዱን አየሁት። ሰባት በመቶ ይላል።